ከሽንት ብልቃጥ እስከ ዘረመል፤ የቢልሃርዚያ ምርመራ ታሪክ ከሆሞሻ መንገድ ሲታይ

ከአሶሳ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ሆሞሻን አልፎ ኩርሙክ ይደርሳል። ኩርሙክ ከሱዳን ጋር የምንዋሰንበት ቆላማ ሥፍራ ስትሆን፣ የሕክምና ጂኦግራፊ የሚያጠኑ ሊቃውንት ስሟን አዘውትረው የሚያነሡት ስለ አንድ በሽታ ነው። ይኸውም ሽንትን ደም የሚያስመስለው የቢልሃርዚያ ዓይነት በኢትዮጵያ ምድር ከሚገኝባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዷ በመሆኗ ነው። ሌሎቹ የመካከለኛውና የታችኛው አዋሽ ሸለቆ፣ እንዲሁም የታችኛው ዋቢ ሸበሌ ሸለቆ ናቸው። የመጽሔታችን አዘጋጆች በሽንት ውስጥ ከሚገኝ የዘር ቅንጣት በሽታን ስለ መለየት አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ፣ ነገሩን ከመሣሪያው ሳይሆን ከዚህ መንገድ ለመጀመር መርጫለሁ። መሣሪያው የሚደነቀው ለየትኛው ሰው እንደሚጠቅም ሲታወቅ ነውና። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ሽንትን አይቶ በሽታን መለየት ከሕክምና ጥበቦች ሁሉ እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ነው። የግሪክ ሐኪሞች፣ ከእነርሱም በኋላ ኢብን ሲናን የመሳሰሉ የእስላም ዓለም ጠበብት፣ የሽንትን መልክ፣ ውፍረትና ዝቃጭ እየለዩ ጽፈዋል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሐኪም በሥዕል ሲሣል በእጁ የሚይዘው የሽንት ብልቃጥ ነበር። ጥበቡ ከልክ ባለፈ ጊዜ ግን በሽተኛውን ሳያዩ ሽንቱን ብቻ በብርሃን እያገላበጡ ዕድሜውንና ዕጣውን ጭምር የሚናገሩ አስመሳዮች በዙ፤ ሙያውም መሳቂያ ሆነ። እንደዚያም ሆኖ ዓይን ብቻውን የማይሳሳትበት አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም የቀላ ሽንት ነው። ከ1798 ጀምሮ ከናፖሌዎን ጋር ወደ ግብፅ የዘመቱ የፈረንሳይ ወታደሮች ደም መሽናት በጀመሩ ጊዜ፣ ሬኑል የተባለ የሠራዊቱ ሐኪም ሁኔታውን በ1808 ጽፎ አወጣ። በናይል ዳር ግን ነገሩ አዲስ አልነበረም። የወንድ ልጅ ሽንት መቅላት ለአካለ መጠን የመድረስ ምልክት ተደርጎ እስከ መቆጠር ደርሶ ነበር። በሽታ ከመለመዱ የተነሣ በሽታ መሆኑ የሚረሳበት ምሳሌ ከዚህ የበለጠ የሚገኝ አይመስለኝም።

ምስጢሩን የገለጠው ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ነው። በካይሮ ቀስር ኤል አይኒ ሆስፒታል የሬሳ ምርመራ ሲያካሂድ፣ በ1851 ከጉበት የደም ሥር ውስጥ ረዘም ያሉ ነጫጭ ትሎች አገኘ። ቀጥሎም እሾህ ያላቸውን እንቁላሎች ከሽንት ፊኛው ቁስል ጋር አያያዛቸው። ግኝቱን ለመምህሩ ለፎን ዚቦልድ በደብዳቤ ያስታውቅ ነበር። ማርክ አርማንድ ሩፈር ደግሞ በ1910 ከሃያኛው ሥርወ መንግሥት ዘመን በነበሩ ሁለት የግብፅ ሙሚያዎች ኩላሊት ውስጥ ወደ ኖራነት የተለወጡ እንቁላሎች ማግኘቱን አሳወቀ። በሽታው ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት በዚያው ወንዝ ዳር ነበረ ማለት ነው። በ1915 እንግሊዛዊው ሮበርት ላይፐር ተውሳኩ በቀንድ አውጣ አማካይነት እንደሚተላለፍ በግብፅ አረጋገጠ።

የተውሳኩ አኗኗር ለምርመራው ታሪክ ቁልፍ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። በሽንት የወጣ እንቁላል ጨው ከሌለው ውኃ ሲደርስ ይፈለፈላል፤ ከእርሱም የሚወጣው እጭ ቡሊኑስ በተባለ የቀንድ አውጣ ወገን ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት ይባዛል። ከዚያ ጅራት ያላቸው እጮች ወደ ውኃው ይወጡና የሰውን ቆዳ በስተው ይገባሉ። ከጉበት የደም ሥር ውስጥ አድገው ተባዕቱና እንስቲቱ ከተጣመሩ በኋላ፣ በሽንት ፊኛ ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ሠፍረው ለዓመታት እንቁላል ይጥላሉ። አስገራሚው ነገር ሰዓቱ ነው። እንቁላሎቹ ከሰው አካል በብዛት የሚወጡት በቀትር ዙሪያ ነው። እጮቹም ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጡት በዚያው ፀሐይ በጠነከረበት ሰዓት ነው፤ ልጆች የሚዋኙትም፣ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡትም ያን ጊዜ ነው። ለላቦራቶሪ ባለሙያ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ናሙና ሰብስብ የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከካይሮ ወደ ቤኒሻንጉል የሚያደርሰውን መንገድ ፖለቲካም ንግድም ቀድመው ጠርገውታል። የግብፁ ገዥ የመሐመድ አሊ ልጅ ኢስማኤል ፓሻ በ1821 እና በ1822 ወርቅና ባሪያ ፍለጋ እስከ ፋዙግሊና እስከ በርታ ምድር ድረስ ዘምቷል። በሽታው ከዚህ ሠራዊት ጋር መጣ ብሎ መደምደም ግን አይገባም፤ ቀንድ አውጣና የቆመ ውኃ ባለበት ሰው ከሰው ሲገናኝ ለመተላለፍ ጦር ሠራዊት አያሻውምና። ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው፣ ይህ አገር በወንዝም በገበያም በዘመድም ከሱዳን ጋር የተሳሰረ መሆኑ ነው። ወሰኑ በ1902 ውል በወረቀት ተሠመረ እንጂ የበርታ ሕዝብ በወዲያም በወዲህም ይኖራል። ከዚህም ሌላ በአካባቢው ወንዞች ዳር ወርቅ ማጠብ የቆየ መተዳደሪያ ነው፤ ሥራውም በአብዛኛው የሴቶች ነው። ወርቅ አጣቢዋ ከውኃ ዳር በጉልበቷ ተንበርክካ ነው የምትውለው። በሱዳን በኩል ደግሞ በ1925 የተጀመረው የገዚራ የመስኖ እርሻ ቢልሃርዚያን እንዳስፋፋ በሰፊው ተጽፏል።

በዚያው በሱዳን፣ በካርቱም ሲቪል ሆስፒታል፣ ክሪስቶፈርሰን የተባለ ሐኪም በ1918 አንቲሞኒ ታርትሬት በደም ሥር በመውጋት ቢልሃርዚያ ሊድን መቻሉን አሳወቀ። ይህ ታላቅ የምሥራች ነበር፤ ሆኖም ግን የኋላ ኋላ ብርቱ ዋጋ አስከፈለ። ግብፅ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ መድኃኒቱን በመርፌ ለሕዝብ በዘመቻ ስትሰጥ፣ በሚገባ ያልተቀቀሉ መርፌዎች ከሰው ወደ ሰው ይዘዋወሩ ነበር። በ2000 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በአገሪቱ ለተስፋፋው ሔፓታይተስ ሲ ዋናው ምንጭ ይህ ዘመቻ ነው። ይህን የማነሣው የቆየ ስሕተት ለመውቀስ ሳይሆን፣ ‹‹ሳይወጉ መመርመር›› የሚባለው ነገር ለሕመምተኛው ምቾት ብቻ የታሰበ እንዳይመስለን ነው። መርፌ በየጊዜው አዲስ በማይገኝበት፣ ያገለገለውም በሚገባ በማይወገድበት ጤና ኬላ፣ ከሰው ደም የማይቀዳ ምርመራ በራሱ በሽታ መከላከያ ነው።

በአገራችን ስለ ቢልሃርዚያ የተደረገው ጥናት ታሪክ በአመዛኙ የአንጀት ቢልሃርዚያ ታሪክ ነው። አያድ የተባለው ባለሙያ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራ፣ በሱዳን፣ በየመንና በያኔዋ የብሪታንያ ሶማሊላንድ ያደረገውን ቅኝት በ1956 በዓለም የጤና ድርጅት መጽሔት አሳትሟል። ከዚያም በ1964 አክሊሉ ለማ በአድዋ ወንዝ ዳር፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ይህ ዕይታ ሁላችንም በትምህርት ቤት የሰማነው ነው። በ1966 የተቋቋመውና ዛሬ በስሙ የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት የዚያ ፍሬ ሲሆን፣ አክሊሉና ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። የአድዋው በሽታ ግን የአንጀቱ ነው። የሽንቱን ቢልሃርዚያ በአዋሽ ረግረጎችና በኩርሙክ በኩል ተከታትለው የመዘገቡት እንደ ኃይሉ ብሬና እንደ ሽብሩ ተድላ ያሉ የዚሁ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ናቸው፤ የተሰበሰበው ዕውቀትም በ1998 በመጽሐፍ ታትሟል። በእኔ አስተያየት የሽንቱ ዓይነት ችላ የተባለው ቀላል በሽታ ስለሆነ አይደለም። የሚይዛቸው ሰዎች በአገሪቱ ጠርዝ፣ ከአውራ ጎዳና ርቀው የሚኖሩ አርብቶ አደሮች፣ ወርቅ አጣቢዎችና የድንበር ነዋሪዎች ስለሆኑ ነው።

በሥራ ላይ ያለው ዘዴ ባልደረቦቼ ሁሉ የሚያውቁት ነው። ዐሥር ሚሊ ሊትር ሽንት በሲሪንጅ ተስቦ፣ ቀዳዳው ዐሥራ ሁለት ማይክሮን ገደማ በሆነ ማጣሪያ ይገፋል፤ ማጣሪያው በስላይድ ላይ ተነጥፎ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በጫፉ እሾህ ያለው እንቁላል ከተገኘ ተውሳኩ የሽንቱ፣ እሾሁ በጎን ከሆነ የአንጀቱ ነው። በዐሥር ሚሊ ሊትር ሃምሳና ከዚያ በላይ እንቁላል ሲቆጠር ሕመሙ ከባድ ይባላል። ማይክሮስኮፕ በሌለበት ደም መኖሩን የሚያሳየው የሽንት መንከሪያ ወረቀት ያገለግላል። ከዚህም የቀለለ አለ፤ በታንዛኒያ ኪሎሳ በ1991 የታተመ ጥናት፣ ተማሪዎችን ‹‹ሽንትህ ቀልቶ ያውቃል?›› ብሎ መጠየቅ ብቻ የተጠቁትን ትምህርት ቤቶች ለይቶ ለማውጣት እንደሚበቃ አሳይቷል። ከጥንቱ ብልቃጥ አንባቢ የተወረሰው ዕውቀት በመምህሩ መጠይቅ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል።

ታዲያ ጉድለቱ ምንድን ነው? እንቁላል በየቀኑ በእኩል መጠን አይወጣም። ትሎቹ ጥቂት ሲሆኑ ደግሞ ዛሬ የታየው ነገ ይጠፋል። ከእንቁላሎቹም ብዙዎቹ ከነጭራሹ ሳይወጡ በፊኛው ግድግዳና በመራቢያ አካላት ውስጥ ተቀብረው ይቀራሉ። ፕራዚኳንቴል በየትምህርት ቤቱ መታደል ከጀመረ ወዲህ ይህ ጉድለት ጎልቶ ወጥቷል። ኢትዮጵያ ትኩረት የሚሹ የቆላ በሽታዎችን ለመቆጣጠር ብሔራዊ ዕቅድ ያወጣችው በ2013 ሲሆን፣ አገር አቀፍ የትምህርት ቤት የትላትል መድኃኒት እደላ በ2015 ተጀመረ። መድኃኒቱ የትሎቹን ቁጥር በቀነሰ መጠን እንቁላል ቆጣሪው የሚያየው ያንሳል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ በተሳካለት ቁጥር መለኪያው ይደክማል። ስላይዱ ንጹሕ የሆነለት ልጅ ድኖ ይሁን፣ ወይስ ትሎቹ አንሰው ብቻ፣ ማይክሮስኮፑ አይነግረንም።

የዘረመል ምርመራ የመጣው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከቢልሃርዚያ ርቆ ነው። ማንዴልና ሜቴ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሳይንቲስቶች በ1948 በሰው ደም ፕላዝማ ውስጥ ከሕዋስ ውጭ የሚንሳፈፍ የዘር ንጥረ ነገር መኖሩን አሳወቁ፤ ለረጅም ጊዜም ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በ1980ዎቹ ጥቂት ዲኤንኤን ደጋግሞ የሚያባዛው የፒ.ሲ.አር. ዘዴ ከተፈለሰፈ በኋላ ነገሩ እንደገና ተነሣ። በ2000 ቦቴዛቱና ባልደረቦቹ ከደም የመጡ የዲኤንኤ ቁርጥራጮች የኩላሊትን ወንፊት አልፈው በሽንት እንደሚወጡ የሚያሳይ ጥናት አሳተሙ። ሕዋስ ሲሞት ዲኤንኤው ይቆራረጣል፤ ቁርጥራጩ ከደም ይገባል፤ ትናንሹም በኩላሊት ይጣራና ከሽንት ይገኛል። ሽንት እንግዲህ የኩላሊትና የፊኛ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ በመላው አካል ስለሚሆነው ወሬ የሚያመጣ ሆነ።

ለቢልሃርዚያ ይህ የሚስማማበት ልዩ ምክንያት አለ። ትሉ የሚኖረው በደም ሥር ውስጥ ስለሆነ ከአካሉ የሚረግፈው ሁሉ በቀጥታ ከደም ይቀላቀላል። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ዮሴፍ ሐምበርገርና ባልደረቦቻቸው፣ በ1991 በአንጀቱ ተውሳክ፣ በ2001 ደግሞ በሽንቱ ተውሳክ ውስጥ፣ 121 ፊደል ርዝመት ያለው አንድ የዘር ሐረግ እጅግ ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ እንደሚገኝ ገለጹ። ድግግሞሹ ከተውሳኩ ጠቅላላ ዘረመል ከዐሥር በመቶ በላይ ይሸፍናል። አንድ ጊዜ ብቻ የተጻፈን ቃል ከተቀደደ መጽሐፍ ቁራጭ ላይ መፈለግና፣ በየገጹ የተደጋገመን ቃል መፈለግ ምን ያህል እንደሚለያዩ አንባቢ ይገምት። ከዚህ ዕውቀት በመነሣት በዛምቢያ የተሠራና በ2013 የታተመ ጥናት፣ ሽንትን በተራ የላቦራቶሪ ማጣሪያ ወረቀት አጣርቶ፣ ወረቀቱን አድርቆ፣ ዲኤንኤውን ከዚያ በማውጣት የአንጀቱን ቢልሃርዚያ ያለ ዓይነ ምድር ለይቷል፤ ውጤቱም ከተለመደው የካቶ ካትዝ ምርመራ የላቀ ነበር። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሽንቱም የአንጀቱም ዓይነት ስለሚገኝ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዓይነ ምድር በኩባያ አምጡ ሲባሉ የሚያፍሩና የሚቀሩ ብዙዎች ሲሆኑ፣ ሽንት ግን ትልቅ ሰውም ያለ ክርክር ይሰጣል።

የዘር ሐረግ ከእንቁላል ቅርጽ የሚበልጥበት ሌላም ፋይዳ አለው። በፈረንሳይዋ ደሴት በኮርሲካ፣ በካቩ ወንዝ በ2013 የዋኙ አገር ጎብኚዎችና ነዋሪዎች ደም መሽናት ጀመሩ። ዘረመሉ ሲመረመር ተውሳኩ ከሰውና ከከብት ቢልሃርዚያ የተዳቀለ ሆኖ፣ ምንጩም ወደ ሴኔጋል የሚያመለክት ሆነ። ከብትና ሰው ከአንድ ኩሬ በሚጠጡበት አገር ይህ ሊናቅ የሚገባው ወሬ አይደለም።

አዲሱን ዘዴ ከሚገባው በላይ ማሞገስ ግን አይገባም። ሽንት ዲኤንኤን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች አሉበት፤ በቆላ ሙቀት ናሙናው ካደረ ብዙው ይጠፋል። በውስጡ ያለው ዩሪያ የፒ.ሲ.አር. ሥራን ያውካል። ሕክምና ከተወሰደም በኋላ ከሞቱ ትሎችና በሥጋ ውስጥ ከተቀበሩ እንቁላሎች የሚመጣ ዲኤንኤ ለተወሰነ ጊዜ ሊታይ ስለሚችል፣ አዎንታዊ ውጤት ሁልጊዜ ሕያው ተውሳክ አለ ማለት አይደለም። ከላይ የጠቀስሁት የሽንቱ ተውሳክ ተደጋጋሚ ሐረግ ለከብቱ ዝርያ ቅርብ ስለሆነ ብቻውን ሁለቱን አይለይም። ከሁሉም በላይ በሥራ ጠረጴዛ ላይ የሚደርስ ጥቂት ብክለት ጤነኛን ሕመምተኛ ያስመስላል። የዓለም የጤና ድርጅት እስከ 2030 ያስቀመጠው ግብ ከባድ ሕመም ያለባቸውን ከመቶ አንድ በታች ማድረስ ስለሆነ፣ ለዚህ ስሌት እንቁላል መቁጠር ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ስለ አኃዙ እውነት አላቸው። እኔ ግን ከዚህ አኃዝ ውጭ የሚቀሩትን ሰዎች አስባለሁ።

ከእነርሱም የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ናቸው። እንቁላሎቹ በማኅፀን አንገትና በብልት ሥጋ ውስጥ ሲቀበሩ ቁስል፣ መድማትና መካንነት ያስከትላሉ፤ ለኤች.አይ.ቪ. መጋለጥንም ሳይጨምሩ እንደማይቀሩ ብዙ ጥናቶች ያመለክታሉ። ከእነዚህ ሴቶች የብዙዎቹ ሽንት በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንቁላል የለበትም። ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱም በአባላዘር በሽታ ተጠርጥረው፣ አፍረው፣ የማይፈውሳቸውን መድኃኒት ይዘው ይመለሳሉ። ሁለተኞቹ በልጅነታቸው ደም የሸኑና ኋላ የረሱት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ይህን ተውሳክ በ1994 የፊኛ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ሽንቱ ለቀላው ልጅ የማጣሪያ ወረቀትም የዘረመል ማሽንም አያስፈልገውም፤ ክኒን ይበቃዋል። ዘረመሉ የሚያስፈልገው ሽንቱ ጠርቶ ለሚታየው ነው።

ሦስተኞቹ ተጓዦች ናቸው። በሆሞሻ ወረዳ የሸርቆሌ የስደተኞች ካምፕ በ1997፣ የጾሬው ደግሞ በ2015 ተከፍተዋል፤ በ2011 ከሱዳን ብሉ ናይል ግዛት፣ ከ2023 ወዲህም ከአዲሱ የሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በኩርሙክ በኩል ገብተዋል። ስደተኛው በሽታ አመጣ የሚል አነጋገር ከባለሙያ አፍ አይጠበቅም፤ ውኃው ከወዲያም ከወዲህም አንድ ነው። ነገር ግን ሰው በተሰበሰበበት፣ መጸዳጃ ባነሰበት፣ ወንዝም በቀረበበት ሥፍራ ጥቂት ተውሳክ የተሸከመ ሰው ሳይታወቅ ቢቀር፣ ቡሊኑስ ያለበትን ጅረት ለዓመታት ሊበክል ይችላል።

በጥር 2020 ኮቪድን ለመመርመር ከኢትዮጵያ የተወሰዱ ናሙናዎች ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላኩ እንደነበር እናስታውሳለን። በጥቂት ወራት ውስጥ ግን የፒ.ሲ.አር. መሣሪያና ሠልጣኝ በየክልሉ ተሠማራ። ወረርሽኙ ሲበርድ ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ሥራ ፈተዋል። ለቢልሃርዚያ ናሙና ከሆሞሻ ትምህርት ቤት እስከ ክልል ላቦራቶሪ ድረስ በረዶ የሞላ ሣጥን አያስፈልገውም። በቀትር የተሰበሰበ ሽንት በዚያው በቦታው በወረቀት ይጣራል፤ ወረቀቱ ዝንብና አቧራ በማይደርስበት ጥላ ይደርቃል፤ እያንዳንዱ በየፖስታው ከእርጥበት መምጠጫ ጋር ታሽጎ በሕዝብ መኪና አሶሳ ይደርሳል። የሚቀረው ለ121 ፊደሉ ሐረግ የተዘጋጀውን ኬሚካል በጀት ውስጥ ማስገባትና፣ በአንድ ክፍል ናሙና የሚያዘጋጀውን ሰው ከሚያባዛው ክፍል መለየት ነው።